የእንጅባራ ሙቀት፣ የጫግኒ ብርድ

«እኔ አልነካሁትም!» አልኩ እጄን ሰብስቤ። ከደሴ ወደ ሰመራ ስንወርድ ሲያሞቀን የመጣው የመኪናው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ሳቀ። «ማን ነካሽ አለሽ? ራሱ ነው የሚቀያየረው። ሙቀት የሚለካ ነገር አለው፤ እኔ የምፈልገውን ቁጥር እሞላለታለሁ፣ ሲበርድ ያሞቃል፣ ሲሞቅ ያቀዘቅዛል።»

የአንገቴን መስቀል ይዤ የልጅነቴን አንድ ጉዞ አስታወስኩ።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አጎቴ ጋሼ አበራ አራስ ባለቤታቸውን እትዬ ብርቄን ከእንጅባራ ሐኪም ቤት አውጥተው በሥራ መኪናቸው ወደ ጫግኒ ሲወስዱ፣ እኔ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ውጭው ጉም ነው፤ ውስጡ ሞቆ የአዲስ ሕፃን ጠረን ይሸታል። መኪና የተሳለባት ቁልፍ አየሁና ቀስ ብዬ ተጫንኳት። ምንም አልሆነም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ጫግኒ ልንደርስ ስንል ግን ቀዝቃዛ ነፋስ ለቀቀብን።

«አንቺ! አራሷን ብርድ ልታስመቻት ነው? ነክተሻል?» አሉ ጋሼ።

«ማርያምን አልነካሁም!»

«ተዋት እስቲ» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ነጠላቸውን በሕፃኗ ላይ እየደረቡ። «መኪናውም እንደ ሰው ቆላ ሲገባ ጋቢውን አውልቆ ይሆናል።»

በሳምንቱ ሕፃኗን አተኮሳት። ዳነች፤ እኔ ግን ቁልፏን በመንካቴ የመጣ መስሎኝ ስፈራ ኖርኩ።

አሁን በሰመራ መንገድ ላይ ስለዚያች ቁልፍም ሾፌሩን ጠየቅኩት። «አቧራ እንዳይገባ የውጭውን አየር ነው የምትዘጋው» አለኝ።

ተመስገን! ብርዱ የኔ አልነበረም። መሐላው ግን የኔ ነው። ጋሼ፣ እትዬ፣ ነክቼ ነበር፤ ስለ ማርያም ብላችሁ ይቅር በሉኝ።