በጀሶ የታሰረው ማጥፊያ

በሆስፒታሉ የጨረር ሕክምና ክፍል የምትሠራውን ሴት እናትና አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። ከዋናው ሐኪም ጀምሮ እስከ በረኛው ድረስ ሁሉም «እትዬ አትንኩት» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት፣ ለሰው ሁሉ ቅጽል ስም ካላወጣ ምሳው የማይወርድለት ጀሶ አሳሪው ነው። ሲያወጣላትም አልበደላትም፤ ወደ ክፍሏ የገባ ሰው ከሰላምታ በፊት የሚሰማው ቃል «አትንኩት!» የሚል ነበርና።

እንዳይነካባት የምትሳሳለት ነገር በመቆጣጠሪያው ክፍል ጥግ፣ ከብረት ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሲመጣ ነጭ የነበረው ሽፋኑ ውሎ አድሮ የሲጋራ አጫሽ ጥርስ መስሏል። ሆኖም ከወፍራሙ ግድግዳ ማዶ ያለው፣ ካንሰርን በጨረር የሚመታው ግዙፍ ማሽን ያለ እርሱ ትእዛዝ ንቅንቅ አይልም። ጨረሩ ለየትኛው በሽተኛ፣ ከየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል እንዲወርድ የሚያዘው እርሱ ነው። በከተማው ሌላ እንዲህ ያለ ማሽን የለም፤ በሌላ ከተማ ያለውም ወረፋው በሽተኛን ቀድሞ የሚቀብር ነው። ኮምፒውተሩን የሠራው ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ የክፍሉ ሰዎች አንድ ልማድ አበጁ፤ ኮምፒውተሩን ጨርሶ አለማጥፋት። መብራት ሲሄድ የሆስፒታሉ ባትሪና ጄኔሬተር እየተቀባበሉ ያሻግሩታል፤ እሑድም ሆነ በዓል ማራገቢያው እንዳጉረመረመ ይውላል፣ እንዳጉረመረመ ያድራል።

አንድ ቀን የወለል መወልወያ እጀታ የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ለጥቂት ሳተው። እትዬ አትንኩት ነጭ ጋዋኗ እየተርገበገበ ወደ አጥንት ክፍል ሮጣ ጀሶ አሳሪውን በክንዱ ጎትታ አመጣችው። እርሱም እየሳቀ፣ የተሰበረ የእጅ አንጓ የሚጠግን ይመስል፣ ማጥፊያውን በእርጥብ ፋሻ ጠቅልሎ በጀሶ አሰረው። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን «አይነካም» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ ሆስፒታል ነውና ጀሶ ተደረገለት።

«ሲሽረው ጥሪኝ፤ መጥቼ እፈታለታለሁ» አላት።

«አፍህን ጀሶ ያድርግልህ!» አለችው።

ይህ ፍርሃት ከሰማይ የወረደባት አልነበረም። ወደ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የገባችው በወጣትነቷ፣ የካርድ ክፍል ታይፒስት ሆና ነው። የጽሕፈት መኪና ታማኝ ዕቃ ነበር፤ ቢሰበር እንኳ የተጻፈው ወረቀት ይቀራል። ኋላ የመጀመሪያው ኮምፒውተር መጣ፤ ፊቱ እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ፊደሉ አረንጓዴ። ሥዕል የለው፣ የሚነኩት ምልክት የለው፤ ትእዛዙን ፊደል በፊደል ጽፈው ካላቀረቡለት የማይሰማ፣ አንዲት ፊደል ቢሳሳቱ ደግሞ እንደ ተሿሚ ፊቱን የሚያዞር። አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ በጥቁሩ ፊት ላይም አንድ መስመር ባዕድ ጽሑፍ ብቻ ብቅ አለ። «ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አልተገኘም ይላል» አሏት ማንበብ የቻሉት። ያ ኮምፒውተር ዳግመኛ አልተነሣም። እርሷ ዐይኗ እስኪደክም እየለቀመች ያስገባችውን የበሽተኞች ታሪክ ሁሉ ይዞ ሞተ፤ ወረቀቱ ደግሞ «ቦታ ያጣብባል» ተብሎ አስቀድሞ ተቃጥሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝምታ ትፈራለች። የጨረር ሕክምና ተምራ ወደዚህ ክፍል ከተዛወረች በኋላም ፍርሃቷ ተከትሏት መጣ። ጠዋት በሩን ስትከፍት ትንፋሿን ውጣ ማራገቢያውን ታዳምጣለች፤ ድምፁን ስትሰማ ብቻ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች። የእጅ ስልኳ «አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፤ ልጫን?» ባላት ቁጥር «ኋላ» የሚለውን ትነካለች። የሚሠራን ነገር ምን አነካካው?

ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አባታቸው ሲሞት መሪ ጨብጦ ያሳደጋትና ያስተማራት እርሱ በመሆኑ «ጋሼ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ማጥፊያው በጀሶ ከታሰረ ከዓመታት በኋላ ድምፁ ይሻክር ጀመር፤ «ጥሩምባዬ ዛገ» እያለ ሲቀልድ ከረመና በምርመራ ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ዋናው ሐኪም እትዬ አትንኩትን ለብቻ ጠርተው፣ «ጨረሩ በየሥራ ቀኑ ሳይቋረጥ ከተሰጠው የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው። ከተቋረጠ ግን በሽታው ክፍተቷን ይጠቀምባታል» አሏት። ስለዚህ ወንድሟን በየቀኑ በማሽኑ አልጋ ላይ የምታስተኛው ራሷ ነበረች። ሕክምናው እኩሌታ ላይ በደረሰበት ሳምንት ታዲያ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ግድግዳ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ መጣ።

ተጠርቶ የመጣው የመብራት ሠራተኞች አለቃ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ።

«ሽቦው አርጅቷል። የጄኔሬተሩም መስመር ሳይቀር በሙሉ ይቀየራል።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ይጠፋላ፣ እትዬ። ለብቻው ፀሐይ አልወጣለትም።»

«አይጠፋም!»

«አይጠፋም ካሉ ራሱ ይጠፋል፤ ያውም ከነቤቱ።»

ቀጥ ብላ የሄደችው ወደ ሆስፒታሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ኪሱ ሁልጊዜ ብሎን የሚያንሿሿ፣ ቀጭን፣ ዝግተኛ ሰው።

«አጥፍተን ብናበራው ይነሣል?»

ጠጋኙ በኪሱ ያሉትን ብሎኖች ያገላብጥ ጀመር።

«ተናገር እንጂ! ምላስህን ማን ቆለፈው?»

«አላውቅም፣ እትዬ። ብዋሽሽ ደስ ይልሽ ነበር?»

«አዎ!» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለመሆኑ ይሄ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ምንድን ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው ኖሬ ማንነቱን አላውቀውም።»

«የትልቅ ሰው ቤት አጋፋሪ በይው» አላት። «በጥንቱ ጊዜ ኮምፒውተር አጋፋሪ አልነበረውም። ቤት የሚያህል ማሽን ነበር፤ ሠራተኞቹ ሽቦ እየነቀሉ እየሰኩ፣ አንድ ሥራ ሲያልቅ ሌላውን በእጃቸው ያስገቡለት ነበር። ኋላ ሰው ሰለቸውና ይህንኑ የሚሠራ ፕሮግራም ተጻፈ። እንግዳ ያስገባል፣ ቦታ ይሰጣል፣ ያበላል፣ የጨረሰውን ያስወጣል። የካርድ ክፍሉ ጥቁር ፊት አንድ እንግዳ ብቻ ነበር የሚያስተናግደው፤ እሱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። የአንቺ የጠረጴዛ ሥሩ ጥቂት እንግዶችን ይችላል። በእጅሽ ያለው ስልክ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይዞ እያንዳንዱን ብቻውን የተጋበዘ ያስመስለዋል።»

«ማሻሻያ እያለ የሚነዘንዘኝስ?»

«አጋፋሪው ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ተገኝቶበት መድፈኛ ተልኮለት ነው። አንቺ ኋላ፣ ኋላ እያልሽ በሩን ክፍት ታሳድሪያለሽ።»

«እሱን ተወው። ይሄኛው ሲጠፋ አጋፋሪው የት ይሄዳል?»

«ሃርድ ዲስክ ላይ ይተኛል፤ እንደ ዘፈን ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን ነው። ስታበሪው መጀመሪያ አንድ ትንሽ ዘበኛ ይነቃና አጋፋሪው የተኛበትን ክፍል አስታውሶ ይቀሰቅሰዋል። ማሽኑ ሲጠፋ ዘበኛው እንዳይረሳ የምትጠብቀው የሰዓት ባትሪ የምታህል ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች ይረሳል። ሳህኑም ዓመታት ሲሽከረከር ኖሮ አንዴ ከቆመ...»

«ከቆመስ?»

«አንዳንዱ እንደተጣበቀ ይቀራል።»

«ዝም በል!»

«ተናገር ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለ ጠጋኙ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ። «በየጊዜው እያጠፋን ብናበራው ኖሮ ባትሪዋ ስትደክም እናውቅ ነበር፤ ባጠፋነው ቁጥርም ግልባጭ እንይዝለት ነበር። እየሠራ ሳለ አይገለበጥም፤ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳም የለው። ሁላችንም እንዳይሞት ፈርተን ለሞት አመቻቸነው።»

በማግስቱ ጋሼ በመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያያት፣ «አንቺ ትንሿ፣ ፊትሽን ምን አጠቆረው?» አላት በሹክሹክታ፤ የቀረው ድምፅ እርሱ ብቻ ነበርና። ልትደብቀው አስባ ነበር፤ አልቻለችም፣ ዘረገፈችለት። እርሱም ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ አዳመጣት።

«ባትሪው የሞተ መኪና ይዤ ነበር አንድ ሰሞን» አለ። «አይነሣም ብዬ ፈርቼ ምሳ ስበላ እንኳ ሞተሩን አላጠፋም። ምን ሆነ መሰለሽ? ነዳጁ አለቀ። ያውም ጭው ያለ በረሃ ላይ፣ ዳገት መሐል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጅቡ በውጭ እኔ በውስጥ ስንተያይ አደርን። ገፊ ባለበት ሰፈር አጥፍቼው ቢሆን ይሻል ነበር።» ሊስቅ ሞከረና ሳሉ ቀደመው። ሲበርድለት ዐይኗን ሳያይ፣ «እኔም እፈራለሁ፣ እቴ» አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው በሽተኛ ከወጣ በኋላ ጀሶ አሳሪው መጋዙን ይዞ መጣ። «ሻረው?» ብሎ ጀመረና የሰዉን ፊት አይቶ ቀልዱን ዋጠው። ጀሶው ተሰንጥቆ ወደቀ። ጠጋኙ ለግልባጭ የሚስማማው ዲስክ ከሰኞ በፊት አይደርስለትም ነበር፤ ኮምፒውተሩን በሥርዓት አሰናበተው፤ እትዬ አትንኩት በአውራ ጣቷ ማጥፊያውን ተጫነች። ማራገቢያው እየዘገመ፣ እየዘገመ ቆመ። ዝምታው ጆሮዋን አመማት።

ጠጋኙ ሽፋኑን ሲያነሣ የኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ ዱቄት የተነዛበት መስሎ ታየ። ደርቆ የተሸረፈውን ጀሶ ማራገቢያው ዓመታት ሙሉ ሲስበው ኖሯል። «ማጥፊያውን አድናችሁ ሳንባውን ደፈናችሁት» አለና በብሩሽ ይጠርግ ጀመር። ጀሶ አሳሪው አፍሮ የወለሉን ንጣፍ ቆጠረ። ቅዳሜና እሑድ የመብራት ሠራተኞቹ ግድግዳውን ሲቦረቡሩ ሰነበቱ፤ ለእርሷ ግን ሁለቱም ቀን አንድ ረጅም ዝምታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሽተኞቹ በአግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ጋሼ ከዳር ተቀምጧል። አዲሱ መስመር ተከፈተ። እትዬ አትንኩት ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ፤ ማያው ግን ጥቁር ሆኖ ቆየና ያንን በወጣትነቷ ያየችውን መስመር ጻፈ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አልተገኘም።

የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። ጠጋኙ የሞተችውን ባትሪ ቀይሮ ለዘበኛው የአጋፋሪውን ክፍል በእጁ ጽፎ አሳወቀው። ማያው ያንኑ መስመር ደገመ። ጠጋኙ ጆሮውን ወደ ሃርድ ዲስኩ አስጠጋ።

«ሳህኑ ተጣብቋል።»

«ምን ይደረጋል?»

«በእጄ ጠምዝዤ አነቃንቀዋለሁ። ካጠበቅሁት ይሰበራል፤ ካላላሁት አይላቀቅም። አሁን አታናግሪኝ።»

ዲስኩን በሁለት መዳፉ ይዞ፣ እንደተጣበቀ ማሰሮ ክዳን፣ ጠምዘዝ አደረገው። ምንም የለም። ግንባሩ አላበው። ከበሩ ውጭ የጋሼ ሳል ተሰማ። ጠጋኙ ደግሞ ጠመዘዘው። ሲያበሩት ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ተነሣ፤ ፊደላቱም አንድ በአንድ መጡ። ማንም አላጨበጨበም። ጠጋኙ ቸኩሎ፣ አጋፋሪው እንግዳ መቀበል ሳይጀምር፣ የመጣለትን አዲስ ዲስክ አስገባና ያለውን ሁሉ ገለበጠ።

«አሁን እናጥፋውና በግልባጩ እናስነሣው» አለ።

«አብደሃል? ይኸው ተነሥቶ የለ!»

«ጩኸቱን ስሚው። እስከ ማታ አይቆይም። ያልተሞከረ ግልባጭ ደግሞ ተስፋ እንጂ ግልባጭ አይደለም።»

«ግልባጩ እንቢ ካለስ? አሮጌው እንደገና ይነሣል?»

«የሚነሣ አይመስለኝም።»

በበሩ መስታወት ወደ ውጭ ተመለከተች። ‹ጋሼን ብቻ ላስገባ፤ የዛሬውን ብቻ ይውሰድ፤ ከዚያ የፈለገው ይሁን› የሚል ሐሳብ እንደ እባብ ተሳበባት። ጋሼ አጠገብ ራሷን በሻርፕ የሸፈነች አንዲት ወጣት ተቀምጣለች፤ ከእርሷ ወዲያ አንድ አባት ልጁን ታቅፏል። ለዛሬ የሚበቃው ማሽን ነገ ለማንም፣ ለጋሼም፣ አይሆንም። ጨረሩ በሰው ሰውነት ላይ እየወረደ ሳለ ቢሞትስ? 

«ፈቀቅ በል» አለችው ጠጋኙን፤ ማጥፊያውንም ተጫነች።

አሮጌው ዲስክ ወጣ፤ አዲሱ ገባ። ማብሪያውን ተጫነች። ማያው ጠቆረ። ጠቁሮ ቆየ። ቀጥሎ ያለ ጩኸት፣ ያለ ማፋጨት፣ ፊደላቱ ተሰለፉ፤ የበሽተኞቹም ስም ከነመጠናቸው ተዘረዘረ። የጨረሩን ልክ የምትፈትሸው ባለሙያ መሣሪያዋን አልጋው ላይ አኑራ ለካች፣ ደግማ ለካች፤ በመጨረሻም «ልክ ነው፣ አስገቢ» አለች።

ተራው ሲደርስ ጋሼን አልጋው ላይ አስተኛችው፤ ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ በፊቱ ልክ የተሠራውን ማስክ አሰረችለት። ወፍራሙን በር ዘግታ ወደ መቆጣጠሪያው ተመለሰች። ኮምፒውተሩ ትእዛዟን እየጠበቀ ነው፤ ከአዲሱ ዲስክ ሌላ ግልባጭ ይያዝና ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። እስከዚያች ቀን ድረስ ፍርሃቷን ሁሉ በዚያ ቢጫ ሣጥን ላይ ስትጭን ኖራለች። አሁን ሣጥኑ ደኅና ሆኖ ሳለ ፍርሃቷ አልለቀቃትም። የማሽኑን ክፍል በምታሳየው ትንሽ ቴሌቪዥን የሚታየው፣ ማስኩ ሥር ዐይኑን የጨፈነው ሽማግሌ አንድ ብቻ ነበርና፤ የእርሱ ግልባጭ የትም አልተቀመጠም። ቁልፉን ተጫነች። ጨረሩ መውረዱን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ፤ እርሷም ዐይኗን ከደረቱ ሳትነቅል፣ ትንፋሹ ከፍና ዝቅ ሲል እየጠበቀች ቆየች።