ያልተነገረኝ መርዶ

ኮረብታዋን ጎህ ሲቀድ ያዝን፤ ቀትር ሳይሆን ለቀቅን። ሰሜን ግንባር ነበረች፤ ስሟን አናውቅም፤ በካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበራት። የእኛ የመቶ ጦር በግራ በኩል መሸገ። መትረየሱ የይስማው ነበር፤ ጥይት አቀባዩ እኔ። ይስማው የዓባይ ማዶ ልጅ ነው፤ እኔም ባሕር ዳር ስላደግሁ አንድ ኮዳ ውኃ ለሁለት እንጠጣ ነበር። ባቀበለኝ ቁጥር «ግማሹን ተው!» ይለኛል። መድፉ ሲጀምር ኮዳው በእኔ እጅ ነበር። አንዱ የመድፍ ጥይት ከምሽጋችን አፋፍ ላይ ወደቀ። ዞር ስል ይስማው ወድቋል፤ ትንፋሹ የለም። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ። ወዲያው «አፈግፍግ!» ተባለ። ሬሳውን ለማንሳት ጊዜ አልነበረም።

ልጆቼ፣ ጦርነቱን እዚህ ላይ ልተወው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

እጄን ቆስዬ ጣና ዳር ወዳለ የቁስለኞች ማገገሚያ መጣሁ። እጄ ዳነ፤ እኔ ግን አረቄ ላይ ወደቅሁ። ከአጥሩ ጀርባ አረቄ ቤት ነበር። ኮዳዬን አስሞላና ግማሹን ጠጥቼ ግማሹን ለይስማው አስቀምጣለሁ። መሞቱን እያወቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር የእሱንም ድርሻ እኔው እጨልጠዋለሁ። ከምግቤም ግማሹን እተውለት ነበር። «እብድ» ብትሉኝ አልቀየምም። ሐኪሙ ጉበቴን ዳስሶ «ካላቆምህ ለከርሞ አትደርስም» አለኝ።

ስለ አእምሮ ሕመም ተምራ የመጣች ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ነበረችን። ያልሞከረችው የለም። ክኒን ሰጠችኝ፤ እንቅልፍ አመጣልኝ እንጂ ጥማቴን አልነካውም። ለብቻዬ አስቀምጣ አናገረችኝ፤ እኔ በመስኮቱ አጥሩን አያለሁ። ከታንኳ ሠሪዎች ጋር ደንገል እንዳጭድ ሰደደችኝ፤ እጄ ሠራ፣ ልቤ ግን ከኮዳው ጋር ነበር። በመጨረሻ ሁላችንንም ክብ አስቀምጣ እርስ በርስ እንድናወራ አደረገች። ወታደር ደግሞ ፍርሃቱን እንዲህ በቀላሉ አያወጣም፤ ስለ ወጡ መቅጠን ብቻ አማረርን።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳህኔን አየች።

«ይህ ግማሽ የማን ነው?»

«የይስማው።»

«ይስማው የት አለ?»

«ሞቷል። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ መርዶውን ማን ነገረህ?»

በዓይኑ ላየ ሰው ማን መርዶ ይነግረዋል?

የክፍላችን ሽማግሌ ባሻ ወርቁ፣ አንድ እግራቸውን ያጡ ሰው፣ አጠገባችን ነበሩ። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው «ይኸ ልጅ አልተረዳም» አሉ። «ያልተረዳ ሰው እንዴት አልቅሶ ይውጣለት?»

«ምን ይደረግ ይላሉ ባሻ?» አለች ሲስተር።

«እንደ ወጉ ነዋ!»

በማግስቱ ማለዳ ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬን ከበውታል። ነጠላ ስላልነበራቸው የማገገሚያውን ብርድ ልብስ ደርበዋል። ሲስተር አልማዝ ብቻ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከግርጌዬ ቆማለች። ባሻ ሁለት እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ልጄ፣ በርታ። ወንድምህ ይስማው ግንባር ላይ ወድቋል። ከእንግዲህ አይመጣም።»

የነገሩኝ የማውቀውን ነው። ግን ያን ጠዋት ነው የሰማሁት። ጮኽሁ። ደረቴን ልመታ ስል ያዙኝ፤ አብረውኝም አለቀሱ። የጎረቤት አልጋው ልጅ እንባውን እየጠረገ «ለእኔም ንገሩኝ» አለ። «ስለ ደምሴ።»

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ አንዱ ለሌላው መርዶ ነጋሪ ሆነ። ሙታናችንን የቆጠርናቸው ያኔ ነው፤ ይስማው፣ ደምሴ፣ ካሳ፣ የባሻ ሬድዮ ተሸካሚ፣ ስሙን ሳንጠይቀው የወደቀ አንድ ምልምል። ለእሱም አለቀስንለት።

አረቄው በአንድ ጠዋት አልለቀቀኝም። ተመልሼ ወድቄያለሁ፤ ሲስተር አልማዝም ሳትሰለች አንስታኛለች። ይኸው ከርሞም አልፎ ሸብቻለሁ።

መርዶዬን በሰማሁበት ቀን ግን ምሳ ሲመጣ፣ እንደ ልማዴ እንጀራውን ከመሀል ቆርጬ ግማሹን ወደ ዳር አደረግሁ። ባሻ በጣታቸው መልሰው ገፉልኝ።

«ብላ ልጄ፤ ሙሉው ያንተ ነው።»

እያለቀስሁ ጠርጌ በላሁት።