በአባባ ተልባ ውስጥ የነበረው

በየዓመቱ ጾም ሲገባ ንስሐ እገባለሁ። ያማኋትን ጎረቤት፣ የተቆጣሁትን ታካሚ፣ ሳላስቀድስ የቀረሁበትን እሑድ ለንስሐ አባቴ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ቀኖናዬን ሰጥተው ያሰናብቱኛል። ይህን ግን ይዤ ገብቼ አላውቅም። ለወንድሜም ለእህቴም ትንፍሽ አላልኩም። ለሚያውቁኝ ለመናገር ድፍረቱን ስላጣሁ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር። አባቴን መድኃኒት አጠጥቻቸዋለሁ። ሳያውቁ፣ በገዛ እጄ፣ እምቢ ካሉኝ በኋላ።

«ታዲያ ይሄ ምን ኃጢአት አለው? ልጅ ናት፣ ነርስ ናት፣ አባቷን ልታድን ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም ስንት ጊዜ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። እስቲ ቆዩኝ፣ ልጨርስ።

አባቴ መምሬ ደሳለኝ የገነተ ማርያም ቄስ ነበሩ። እናታችን ካረፈች በኋላ አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነበርኩ፤ ሥራዬም እዚያው አካባቢ ስለሆነ ከቅዳሴ ሲመለሱ የሚቀምሱትን የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። ገና ከአጥሩ በር ላይ ሳሉ ሳቃቸው ይሰማል። «ዛሬስ ዲያቆኑ እንቅልፉን ይዞ ነው የመጣ!» እያሉ ይገባሉ፤ ቁጭ ብለው እግራቸውን ይዘረጋሉ፤ እኔም ተልባቸውን በማር በጥብጬ አቀርብላቸዋለሁ። ተልባ ሲወዱ ለጉድ ነበር። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ላይ ምንም ሳይዞር ውለው ያቺን ብርጭቆ ሲያጋምሱ ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ! የቤታችን ደስታ የት ነበር ብትሉኝ እዚያች ሰዓት ላይ ነበር እላችኋለሁ።

ከዚያ ታመሙ። ሽንታቸው ደም መቀላቀል ከጀመረ ቆይቶ ኖሯል፤ ይህ ለሴት ልጅ እንዴት ይነገራል ብለው ደብቀውኝ ነው። ስናውቀው የኩላሊት ካንሰር ሆኖ ወደ ሳንባቸው ተሻግሯል። አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ሰውን ሁሉ ሲያስቁ ዋሉ፤ ሹፌሩ ኩርባው ላይ ሲፈጥንባቸው «ልጄ፣ እኔ ወደ ሐኪም ነው የምሄድ፤ አንተ በቀጥታ ወደ ሰማይ ልትወስደኝ ነው?» ሲሉት ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቅስ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ካንሰር የተሠራ አዲስ እንክብልን ከነባሩ ሕክምና ጋር የሚያወዳድር ጥናት ነበር። የጥናቱ ሐኪም ትሑት ወጣት ሴት ናት። ሁሉንም በዝግታ አስረዳቻቸው፤ ሊጠቅም እንደሚችል፣ ላይጠቅምም እንደሚችል፣ እጅና እግር ሊያቆስል እንደሚችል። «አባ፣ በፈለጉት ቀን ትቼዋለሁ ማለት ይችላሉ፤ ለምን ብሎ የሚቆጣዎት የለም» አለቻቸው። አባባ ሳቁ። «ከድቁናዬ ጀምሮ ልተው ስል የሚፈቅድልኝ ሰው ሳገኝ ዛሬ ገና ነው» አሏትና፣ ከኔ በኋላ ለሚታመም ሰው የሚበጅ ከሆነ ይሁን ብለው ፈቀዱ። በዕጣው አዲሱ እንክብል ደረሳቸው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የደም ግፊታቸውን የምለካውም፣ የሚሰማቸውን ለሐኪሟ በስልክ የምነግረውም እኔ እንድሆን ተስማማን። እሷም አመነችኝ፤ እሳቸውም አመኑኝ።

ብዙም ሳይቆይ ውስጥ እግራቸው ተቃጠለ። ቀላ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ተላጠ። ቄስ ጫማ አድርጎ አይቀድስም፤ የገነተ ማርያም ወለል ደግሞ ድንጋይ ነው። አንድ እሑድ ሲመለሱ ሳቃቸው አልተሰማም። ግድግዳ ይዘው ገቡ። «በቃኝ» አሉኝ። «ቆሜ ካልቀደስኩ ዕድሜው ምን ይሠራልኛል? ለሐኪሟ ትተዋል በያት።» እሺ አልኳቸው። እሺ ብዬ አልነገርኳትም።

በማግሥቱ የእንክብሉን ሽፋን ከፍቼ ዱቄቱን ተልባቸው ውስጥ በጠበጥኩት። ማሩን ጨመር አደረግሁበት። ጠጡና «ዛሬስ ማሩን ምን አበዛሽው፣ ሰርግ አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ አደረግሁ። ጾማቸው እንዳይፈርስ ደግሞ ሰዓቱን እጠብቅ ነበር! ፈቃዳቸውን እየሰረቅሁ የጾም ሰዓታቸውን አከብራለሁ። ይህ ምን ዓይነት ኅሊና ነው?

ለምርመራ አዲስ አበባ ስንሄድ «ክትትል ብቻ ነው» እላቸዋለሁ። መተዋቸውን የነገርኳት ስለመሰላቸው ሐኪሟ ስትጠይቃቸው «ልጄ ትንገርሽ፣ እሷ ታውቃለች» ይሏታል፤ እሳቸው ምስል ሲነሡ እኔ አዲሱን እንክብል ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። እግራቸውስ ስትለኝ «ደህና ነው፣ ይችሉታል» እላለሁ። ቁስሉ ከባሰ መጠኑ እንደሚቀነስ ወይም ለጊዜው እንደሚቆም ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ከተቀነሰ ዕጢውን አይገታውም ብዬ ፈራሁ። ማን ነገረኝ? ማንም። እውነቱን ብናገር ኖሮ ሐኪሟ ቢያንስ ሕመሙን ታቀልላቸው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እሳቸው እንደሚያውቁት መድኃኒቱን ትተዋል፤ እግራቸው ግን አይድንም። መድኃኒቱ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ቄስ ናቸውና ያገኙት መልስ አንድ ነው፤ ኃጢአት። ምን ሠርቼ ይሆን እያሉ ዕድሜያቸውን ወደ ኋላ ይበረብሩ ጀመር። አገኙትም። ወጣት ቄስ ሳሉ አብረዋቸው የሚቀድሱ መምሬ ገላው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኒህ ሽማግሌ አንድ ቀን በቅዳሴ መካከል እግራቸው ከድቷቸው ቢቀመጡ፣ አባባ በሰው ፊት «መቆም ያቃተው ቤቱ ይዋል!» ብለዋቸው ኖሯል። ሽማግሌው ብዙም ሳይቆዩ አገልግሎቱን ትተው ኩልመስክ ዘመዶቻቸው ዘንድ ገቡ፤ እዚያው አረፉ። «አየሽ ልጄ፣ በእግሩ ተሳለቅሁ፤ በእግሬ ተከፈለኝ» አሉኝ አባባ። እኔ ሳህን አጥብ ነበር፤ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ኩልመስክ ድረስ ሄድን። የመምሬ ገላው ባለቤት መንኩሰው በሕይወት ነበሩ። ወደ ቤታቸው ከሚወስደው ዳገት ሥር አባባ ጫማቸውን አወለቁ። እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊለምኑ ነው። ጎንበስ ብለው ማንሣት ስላቃታቸው «አንሺልኝ» አሉኝ። አነሣሁት። አንሥቼ ማጅራታቸው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የተላጠው እግራቸው ኮረቱን በረገጠ ቁጥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «አባባ፣ ኃጢአትዎ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ዳገቱን ሙሉ ከኋላቸው ሄድኩ፤ አላልኩም።

እማሆይ ሲያዩዋቸው ደነገጡ፤ ሮጠው ድንጋዩን አወረዱላቸው። «ኧረ መምሬ፣ ምን ሆነው ነው! እሳቸውን ከቅዳሴ ያስቀራቸው ዓይናቸው ነው እንጂ። እርስዎን አንድ ቀን በክፉ አንሥተው አያውቁም» አሏቸው። አገላብጠው ሳሟቸው። አባባ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እንደ ድሮው ሲቀልዱ መጡ፤ እግራቸው እንደሚድን እርግጠኛ ነበሩ።

ማቆም የነበረብኝ ያን ቀን ነበር። በማግሥቱ ተልባውን በጠበጥኩ። ለምን? የመጨረሻው ምስል ዕጢው እያነሰ መሆኑን አሳይቶ ነበር። እየዳኑልኝ ነው ብዬ ነዋ!

እግራቸው አልዳነም። ጠበቁ፣ ጠበቁ። በመጨረሻ «እማሆይ ይቅር አሉኝ፤ እግዚአብሔር ግን አላለኝም» አሉና ቅዳሴውን ተዉት። ማንም አላባረራቸውም። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከውጭ የሌሎችን ዜማ ይሰማሉ፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

መድኃኒቱ ሠራ። ሐኪሞቹ ከጠበቁት በላይ ኖሩ። ጥናቱ ውስጥ ወደውና ፈቅደው የወሰዱ፣ እግራቸውም ብዙ ያላስቸገራቸው ታማሚ ተብለው ተቆጥረው ይሆናል፤ ከኋላ ለሚታመሙት ይበጃል ብለው የሰጡትን እንኳ እኔ አበላሸሁት። ያን ትርፍ ዕድሜስ ለማን ገዛሁት? እሳቸው ውጭ ተቀምጠው አሳለፉት። የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ፤ ከሥራ ስገባ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረኝ። ደስ የሚሉ ዓመታት ነበሩ። ይህን ብደብቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ዛሬም ይናፍቁኛል፤ ስናፍቃቸውም አፍራለሁ።

ካንሰሩ ኋላ ተመልሶ በረታ። መዋጥ እስኪያቅታቸው ድረስ ማጠጣቴን አልተውኩም። ሊያርፉ ሲሉ ሰዉን ሁሉ እየጠሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ በመጨረሻም እኔን ጠሩኝ። «ልጄ፣ በዚህ በእግሬ ነገር ዕድሜሽን በላሁት። ይቅር በይኝ» አሉኝ።

እዚያች ላይ እንኳ መናገር እችል ነበር። እግዚአብሔር ፊቱን እንዳላዞረባቸው ሳያውቁ መሞት አልነበረባቸውም። ብነግራቸው ምሕረት እንደማይነፍጉኝም አውቅ ነበር። የፈራሁት ይቅርታ መነፈጉን አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩኝ ፊታቸው እንዳይለወጥብኝ ነው። ስለዚህ እጃቸውን ይዤ በዚያ ሰዓት የሚባለውን አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ፣ አባባ።»

እኔ ነኝ እንግዲህ እሳቸውን ይቅር ያልኩ።