የግራው ስፒከር

ባንቴን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ስለ ሚስቱ ስለ መዓዛ ሳወራ ለሁለቱም እኩል እፈርዳለሁ ብሎ የሚጠብቅ እንዳይኖር።

ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ ሰባት ውስጥ የእኔን ልብስ ስፌት ቤትና የእነሱን የዲሽ ሱቅ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ባንቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህን በማቆም የሚስተካከለው አልነበረም፤ ይህን አልክደውም። ሱቅ ውስጥ ያለውን ሥራ የምትሠራው ግን መዓዛ ነበረች። ድሬዳዋ ተወልዳ በሃያ ዓመቷ ጅቡቲ የገባች፣ ስድስት ዓመት አንድ ፈረንሳዊ ቤት ተቀጥራ የኖረች ሴት ናት። ሰውዬው ኮምፒውተር እየፈታ ሲገጥም እሷ ከጎኑ አቧራ እየጠረገች ሁሉንም በዓይኗ ለቀመች። ፈረንሳይኛውንም እንደዚያው ነው የለቀመችው።

በ2013 ገደማ ያገለገሉ የኮምፒውተር ስክሪኖች በርካሽ ከተማውን ሞሉት። የሰው ቤት ጠባብ ነው፤ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ አንዱን ስክሪን ለሁለቱም አድርጉልን እያለ ይመጣል። መዓዛ የኮምፒውተሩን ገመድ በአንዱ ቀዳዳ፣ የሪሲቨሩን በሌላው ትሰካና ከስክሪኑ ሥር ያለችውን ቁልፍ ታሳያለች። አንዴ ሲጫኗት ኮምፒውተሩ፣ ደግመው ሲጫኗት ቴሌቪዥኑ ይመጣል። አስቸጋሪው ድምፁ ነው። እነዚያ ስክሪኖች ስፒከር የላቸውም፤ ዜና አንባቢዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ ግን የለም። ባንቴ ይህ ሲገጥመው ስክሪኑን በጥፊ ያጮለው ነበር፣ የድሮ ቴሌቪዥን መስሎት። መዓዛ ግን ከሪሲቨሩ ጀርባ ቀይና ነጭ ገመድ ታወጣና ከሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ጋር ታገናኛለች። ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ ለግራ ነው።

የባንቴ ጥፊ ለስክሪን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ጫቱ ከዘገየ ጥፊ፣ ደንበኛ «መዓዛን ጥሩልን» ካለ ጥፊ፣ ሻዩ ከቀዘቀዘ ጥፊ። ሁሉንም በቆርቆሮው በኩል እሰማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ ኋላ ላይ ጩኸቷ ቀረና ጥፊው ብቻ ይሰማኝ ጀመር። ሠፈርተኛው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። እኔስ? እኔም የስፌት መኪናዬን ፈጠን አድርጌ እረግጥ ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በ2014 ሐምሌ ላይ፣ ያ ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ ሰብሪና የምትባል የአምቡሊ ሠፈር ሴት አስጠራቻቸው። ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ እናቷ የሐረር ሰው ስለሆኑ አማርኛ ትችላለች። እኔም የመጋረጃዋን ልክ ልወስድ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። ባንቴ ጣሪያው ላይ ወጣ። መዓዛ ገመዱን ሁሉ ሰካክታ ስትጨርስ በሁለቱ ስፒከሮች መሀል ቁጢጥ አለች።

«ይኸው፣ ሠራልሽ።»

«ግራው አይጮህም» አለች ሰብሪና።

«እንዴ፣ ሲጮህ አትሰሚም?»

«ወላሂ አይጮህም! ወርቄ፣ እስቲ አንቺ ስሚው።»

ጠጋ ብዬ ሰማሁ። የግራው ስፒከር ጭጭ ብሏል። ነጩ ገመድ በደንብ አልገባም፤ መዓዛ እንዲህ ዓይነት ነገር ስታ አታውቅም። «ድምፁ በየት በኩል ነው የሚመጣልሽ?» አልኳት። አንገቷን ወዲያና ወዲህ አዞረች። ከዚያ ፊቷ ልውጥ አለ። ቀኝ ጆሮዋን በጣቷ ጥርቅም አድርጋ ደፈነችና ወደ ሰብሪና ዞረች።

«አንድ ነገር በይኝ።»

«ምን ልበልሽ? ምን ሆንሽ መዓዛ? ውሃ ላምጣልሽ?»

«ተናገሪ እንጂ!» ብላ ጮኸችባት። «አፍሽን ብቻ ምን ታንቀሳቅሻለሽ!»

ሰብሪና በደንብ ነበር የምትናገረው፤ እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ ቃል በቃል ሰምቻታለሁ። ባንቴ የሚመታው በቀኝ እጁ ነው። የቀኝ እጅ ጥፊ ደግሞ ግራ ጉንጭ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው።

ሱቅ እንደተመለሱ ነገረችው። «ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ያንተ እጅ ነው ያጠፋው።» ባንቴ የዕቃ ማሳያውን መስታወት በቀኝ ቡጢው ነደለው። መዳፉ ከአውራ ጣቱ ሥር ጀምሮ ተተረተረ። ሮጬ በጨርቅ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ አይ ሞኝነት! ሐኪም ቤት ሰፍተው ጠቀለሉለት። ሦስት ቀን ከግድግዳው ማዶ ምንም አልተሰማም። ተጸጽቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ጫቱ ዘገየ። በዚያ ላይ አንድ ሰው መጥቶ ባንቴን «ባለሙያዋ የለችም?» አለውና ሄደ። «የዚህ ቤት ባለሙያ ማን ነው?» ሲል ባንቴን ሰማሁት። ቀጥሎ ጥፊው ጮኸ። ከዚያም ከስንት ዓመት በኋላ የመዓዛ ጩኸት ቆርቆሮውን አነቃነቀው።

መኪናዬን ትቼ ሮጥኩ። መዓዛ ቀኝ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ባንቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በግራው ነበር የመታት።

«በግራህ? ባንቴ፣ በግራህ መታኸኝ? ምንም አይሰማኝም! ምንም!»

ግራ እጁን እንደገና አነሳ። መዓዛ ከጠረጴዛው ላይ የሳህን መትከያውን መዶሻ ብድግ አደረገችና እጁ ሳይወርድ አንጓውን አገኘችው። አጥንቱ ሲሰበር በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሁለተኛው ክርኑ ላይ አረፈ። ባንቴ ተንበረከከ። «ኧረ በእናትሽ! ኧረ በማርያም!» ይላል፤ እሷ አፉን አፉን ታየዋለች እንጂ አትሰማም። ሦስተኛው ትከሻውን ሰነጠቀው፤ ደሙ በዚያ በተሰበረ መስታወት ላይ ተረጨ። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። መንቀሳቀስ አልፈለግኩም። አራተኛውን ወደ ጭንቅላቱ ስታነሳ ነው ከኋላዋ ሄጄ ጭምቅ አድርጌ ያቀፍኳት። ስጠራት አልሰማችኝምና እኔንም ልትመታኝ ነበር።

ፖሊስ ሲመጣ ባንቴ ከጣሪያ ወደቅሁ አለ። ሚስቴ በመዶሻ ቀጠቀጠችኝ ከማለት ይህ ቀለለው። ፖሊሶቹ ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ፣ ጣሪያው ያንሸራትታል» አልኳቸው። በሳምንቱ አንዱ እጁ በጀሶ፣ ሌላው በፋሻ እንደታሰረ ከባድ መኪኖች ወደሚቆሙበት ፔካ 12 ሄደና ወደ ድሬዳዋ በሚመለስ ከባድ መኪና ተጫነ። ሾፌሩ እንደ ጆንያ አቅፎ ነው አሉ ያስገባው። ይበለው!

መዓዛን ግን ያን ሳምንት ሁሉ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት ብቻ ነበር የሚሰማት። ጆሮዋ ሥር ሄጄ እጮሃለሁ፤ ፉጨት ነው ትለኛለች። ሌሊት አብሬያት ሳድር እጄን ይዛ «ወርቄ፣ ይቺም ከሄደች ምን እሆናለሁ?» ትለኝና መልሴን ከከንፈሬ ለማንበብ መብራቱን ታበራለች። እኔም እንደማውቅ ሰው «አትሄድም» እላት ነበር።

በስምንተኛው ቀን ፉጨቱ ጋብ ሲልላት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ሽበታም፣ የረጋ ሰው ነው። ግራውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቀኙን ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው። ከዚያ መሣሪያውን አስቀመጠና በፈረንሳይኛ፣ ቀስ ብሎ ነገራት። ቀኙ ቆስሏል እንጂ አልጠፋም፤ ይድናል።

መዓዛ ወንበሩን ጨምድዳ ያዘች። «ይድገሙልኝ» አለችው።

ሐኪሙ ያልሰማችው መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት።

«እንደሱ አይደለም» አለችው እንባዋ እየወረደ። «በቅድሙ ድምፅዎ። ሰምቼዎታለሁ።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ እሷን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና ነገራት።