ያልተሾመው የነፍስ አባት

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ከማንኩሳ አለፍ ካለው ቀበሌያችን አንስተው ፍኖተ ሰላም አመጡኝ። ለታጠቁ ሰዎች ዳቦ ጋግረሻል አሉኝ። ያስገቡኝ ባዶ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን።

የስኳር ሕመም አለብኝ። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ኪኒኑን ትቶ በቀን አራት ጊዜ መርፌ አዞልኝ ነበር፤ ሦስቱን ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት በፊት፣ አንዱን ልተኛ ስል። ነርሷ ሆዴን ቆንጥጬ እንድወጋ አስተማረችኝ። መርፌው አላስፈራኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። “ከወጉ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልበሉ ስኳርዎ ወርዶ ይገድልዎታል” አለችኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በጾም ቀን ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣ ያንቺ ጾም መድኃኒትሽን በሰዓቱ መውሰድ ነው። ምጽዋት ጨምሪበት” አሉኝ።

እሺ አልኩ። ቢሆንም ዓቢይ ጾምን ሙሉ ቁርሴን የበላሁት ጓዳ ገብቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው።

ስታሰር ሴት ልጄ መድኃኒቱን እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ ተከትላኝ መጣች። የመጋዘኑ አዛዥ ተቀብሎ እርሱ ዘንድ አስቀመጠው። በዕድሜ ከልጆቼ የሚያንስ ሰው ነው። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አመጣልኝ። ልጄ ያመጣችው ምግብ በር ላይ ደርሷል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ሆዴን ወጋሁ። መርፌውን ተቀብሎኝ ሄደ። ምግቡ ግን አልገባም። በበሩ ክፍተት ጠራሁት።

“ምግቤስ?”

“ፍልሰታ ነው እማማ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ለጾመኛ ምግብ አላስገባም። እኔም አልቀመስኩም።”

“በሽተኛ ነኝ።”

“ይበርቱ። እመቤታችን ታበረታዎታለች።”

እውነቱን ነው፤ አልቀመሰም። ቢዋሽ ይሻለው ነበር። የራሱን ባዶ ሆድ ይዞ በሰው ሆድ ላይ ካህን ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ ላብ አሰጠመኝ። የሴቶቹ ፊት ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ያዳነችኝ ከቡሬ ያመጧት ሙስሊም የበርበሬ ነጋዴ ናት። እርሷ ፍልሰታን ስለማትጾም ምግቧን ጠዋት ያስገቡላታል። አገጬን ይዛ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣችኝ፤ ከዚያ ዳቦዋን እየቆረሰች አጎረሰችኝ።

“ዋጥ ያድርጉት እትዬ። ቅቤም አልነካውም” አለች።

ነፍሴን ሳውቅ ሴቶቹ ከበውኛል።

“ለመሆኑ ይህን ሰው ማን አቀሰሰው?” አለች አንዷ፣ ጠላ ሻጭ ናት።

“ጥምጣሙ ነው የጎደለው፤ መሣሪያውንማ ይዟል” አለች ሌላዋ። ሳቅን።

የስድስት ሰዓቱን መርፌ ሳልወጋ መለስኩለት። “መድኃኒት እምቢ አለች” ብሎ መዝገብ ላይ ጻፈ። ምግቤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲገባ መርፌው የለም። ሲመሽ አፌ ደርቆ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ወግቼ ካልበላሁ በአንድ ጠዋት፣ በልቼ ካልወጋሁ ቀስ ብዬ እንደምሞት ገባኝ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ከወር በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ፤ ተመስገን። በጸሎቴ ሁልጊዜ የማነሳት ያቺን የቡሬ ሴት ነው። አዛዡን ትጠዪዋለሽ ወይ ይሉኛል። አልጠላውም። ለመጠላትም ቁመት ያስፈልጋል። የነፍስ አባቴ ጸልዪለት ይሉኛል፤ እርሳቸው ይጸልዩለት።

ያኔ መጋዘኑ ውስጥ፣ “መድኃኒት እምቢ አለች” በተባልኩ ማግሥት ጠዋት፣ አዛዡ መርፌውን ይዞ መጣ። ነጋዴዋ የዳቦዋን ግማሽ ሰጥታኝ ጉልበቴ ላይ ይዤዋለሁ።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ቁርሴ።”

“በፍልሰታ? ያውም ከእስላም እጅ?”

“ዳቦው የስንዴ ነው።”

“አያፍሩም እማማ? እነዚህ ሁሉ እየጾሙ?”

ሴቶቹን አየኋቸው። አንዷም አላቀረቀረችም።

“እርስዎ ይብሉ፤ እኛ እንጾምልዎታለን” አለች ጠላ ሻጯ።

“የነፍስ አባት አለኝ” አልኩት። “አንተ መርፌውን ስጠኝ።”

ሰጠኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ሆዴን ወጋሁ። ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ጸሎቴን አደረስኩ። እርሱ ከበሩ አልሄደም፤ እስካፍር እየጠበቀ ነው። ፊቴን ወደ እርሱ አዞርኩ። ዳቦው ላይ አማትቤ፣ ቀስ ብዬ እያኘክሁ በላሁ። ከነጠላዬ ላይ ፍርፋሪውን ለቅሜ ጨረስኩ። ከዚያ ባዶውን መርፌ መለስኩለት።

“የምሳውን ስድስት ሰዓት ላይ ከምግቤ ጋር አምጣ” አልኩት። “እንዳታረፍድ።”