ሸጊቱ ቤት ማከራየት የጀመረችበት ክረምት

በ1982 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ ላይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ማወጁ በሬዲዮ ሲነገር፣ ሸጊቱ ከጧት ፈረቃ ተመልሳ እግሯን እየታጠበች ነበር። ሰው በገዛ ገንዘቡ ቤት ቢሠራ፣ ሠርቶም ቢያከራይ ከእንግዲህ አይከለከልም ሲባል ስትሰማ፣ እግሯን ከሳፋው ሳታወጣ ቆማ አዳመጠች።

ሸጊቱ የደቅ ደሴት ልጅ ናት። ገና በወጣትነቷ ሐይቁን ተሻግራ ባሕር ዳር ገባች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጥራም ሃያ ዓመት ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖረች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከእሷ ጋር የሚኖሩት አማቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ብቻ ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ክሩ ሁለት እየሆነ ይታያት ጀምሯል። ዓይኗ ጨርሶ ሳይደክም ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረባትና፣ ከቤቷ ጀርባ ጎመን በምትተክልበት ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሠርታ ለማከራየት ቆረጠች።

መሪጌታ አልወደዱትም። የፈሩት የቀመሱትን ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ድጓ እያስተማሩ ባጠራቀሙት የሠሯቸው ሁለት ክፍሎች ተወስደውባቸዋል። ክፍሎቹ ዛሬም ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል፤ ኪራዩን የሚሰበስበው ቀበሌው ነው። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲሄዱ እንኳ በዚያ ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄዳሉ።

«ልጄ፣ የሰጠ እጅ መልሶ ይወስዳል» አሏት። «ጎመንሽን ብትበይ ይሻልሻል።»

«አባባ፣ እርስዎ የሠሩት ቤት ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሰው አኑሯል። ቢወስዱብዎም ሥራዎ አልጠፋም። እኔ ሳልሠራ የቀረሁ እንደሆነ ግን ምን አለኝ?»

እሷም ፈቃድ ለማውጣት ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰች። ወንድሟ ክንዱ ከደቅ የባሕር ዛፍ አጣና በጀልባ ላከላት፤ ዕቁቧ ሲደርሳት ቆርቆሮ ገዛችበት። ግንቦት ሲገባ ቋሚው ተተከለ፣ ማገሩም ተመታ።

ይኸኔ ነው የቀበሌው ሊቀ መንበር አካሉ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ የመጣው። አካሉ ክፉ የሚባል ሰው አይደለም፤ ነገር ግን መመሪያ ያልደረሰው ነገር ሁሉ ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። የፈቃድ ወረቀቷን አገላብጦ አየና፣ ተጨማሪ ክፍል ይላል እንጂ ለኪራይ የሚል እንደሌለበት ነገራት። ሥራው እንዲቆም፣ የቆመውም በሳምንት ውስጥ እንዲፈርስ አዞ ወጣ። መሪጌታ ከበራፋቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ነግሬሽ ነበር አላሏትም። ፊታቸውን አዙረው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ይህም ከአካሉ ትእዛዝ ይልቅ ከበዳት።

ሸጊቱ ፈረቃ ቀይራ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አዋጁ የወጣበትን ጋዜጣ ይዛ ከበሩ ሥር ተቀመጠች፤ ኃላፊው ሲመጡም ተነሥታ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ልለምንዎ አልመጣሁም። አዋጁን እኔው ራሴ አነበብሁት። ተሳስቼ አንብቤው እንደሆነ ስሕተቴን እዚህ ላይ ያሳዩኝና ቤቱን በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ።»

ኃላፊው ጋዜጣውን ተቀብለው እዚያው ቆመው አነበቡት፤ ደገሙት። ከዚያም አስገብተው አስቀመጧት። ስትወጣ «ለመኖሪያና ለኪራይ» የሚል፣ ማኅተምም ያረፈበት ደብዳቤ በእጇ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ቀበሌ ሄደች። አካሉ ደብዳቤውን አንብቦ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው።

«እንግዲህ መመሪያው ደረሰኝ ማለት ነው» አለ፤ ቁጣም እፍረትም አልነበረበትም። «ቀጥይ።»

መንገዱን ሁሉ እየሮጠች ነው የተመለሰችው ማለት ይቻላል። ጓሮ ስትደርስ መሪጌታ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃ ሲረግጡ አገኘቻቸው። የደብዳቤውን ወሬ ገና አልሰሙም። ይፍረስ በተባለው ቤት አጠገብ፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ብቻቸውን ጭቃ ያቦካሉ።

«ጭዱ አንሷል» አሏት ቀና ሳይሉ። «እንዲህ ከተመረገ ይሰነጠቃል።»

ሸጊቱ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ደብዳቤው ማምሻውን ነው የተነበበላቸው። እሑድ የፈረቃ ጓደኞቿ መጡና ግድግዳው ተመረገ፤ ሰኔ ሳይጋመስ ቆርቆሮው ተመታ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን ሸጊቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተመላለሰች ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ዋለች። አንዲት ጠብታ አልገባም።

ቀድመው የመጡት ተከራዮች አምሐና ሚስቱ ሰገነት ናቸው። አምሐ ከአርሲ ተዛውሮ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ አራት ወር ሙሉ ሆቴል ተቀምጠው ቤት ሲፈልጉ ኖረዋል። ሰገነት ቁልፉን ስትቀበል ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሸጊቱ በእጇ ወደ ላይ እያመለከተች፣ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ከማንም በፊት ለእኔ ንገሩኝ አለቻቸው። ሁለተኛውን ክፍል ሁለት የፋብሪካ ልጆች ያዙት። መሪጌታ በየማለዳው ዞር ዞር ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየመቱ ይፈትሹ ጀመር፤ ከተከራዮቹ ጋርም ተላመዱ።

ጥቅምት ላይ ከፈትል ክፍል ሦስት ሴቶች፣ እንዴት አድርገሽ ነው የጀመርሽው እያሉ እየጠየቋት፣ የራሳቸውን ፈቃድ ለማውጣት ማዘጋጃ ቤት ተሰለፉ። ከፊታቸው የቆመችው ሸጊቱ ናት፤ ሦስተኛውን ክፍል ልታስፈቅድ።