የእናቴ ነጠላና አንዱ መረብ

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ጎሚስታ ፊት ባለፍሁ ቁጥር የማስቲሽ ሽታ አፍንጫየን ይይዘውና እግሬን ያቆመዋል። ሌላው ሰው ጎማ ይሸተዋል፣ እኔን የሚሸተኝ ግን የሰባተኛ ክፍል ኳሳችን ነው። በተነፈሰች ቁጥር እዚሁ ቤት አምጥተን እያስለጠፍናት፣ ልጥፏ ከራሷ በልጦ፣ ስትመታ እንደ ረጠበ ከበሮ ድም የምትል የመረብ ኳስ ነበረች። በዚያች ኳስ ያሠለጠነን የስፖርት አስተማሪው ነው የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ በፊቴ ካለ ግን ሳልመልስለት አልቀርም። ያሠለጠነችን እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች።

እኔ እታለም እላት ነበር፣ ሰው ሁሉ እትየ ዘነቡ ይላታል። በልጅነቷ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ፣ ለትምህርት ቤቷም መረብ ኳስ ስትጫወት ቆይታ፣ አያቴ ሲታመም ትምህርቱንም ኳሱንም ትታ ቤት ቀረች። እጇ ግን አልረሳም። ክረምት ክረምት ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ትምህርት ቢዘጋም እሷ ሥራ ስለማይቀርላት፣ ስድስት ሴቶች ልጆች ተከትለናት ወደ ግቢው እንገባ ነበር። በረንዳውን ወልውላ ስትጨርስ የመወልወያውን እንጨት በሁለት ምሰሶ መካከል ከፍ አድርጋ ታስርና «መረባችሁ ይኸው» ትለን ነበር። ኳሷን በኃይል ስንደበድባት ደግሞ «ጉልበትማ በሬም አለው፤ ባዶ ቦታ የሚያይ ነው ሰው» እያለች ትቆጣን ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲደርቅ መረቡ ከዕቃ ቤት ወጣ። በትምህርት ቤቱ የነበረው መረብ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሌላውን ቀን ሁሉ ወንዶቹ ይዘውት፣ እኛ ለሴቶች በተፈቀደችው የዓርብ ከሰዓት ብቻ እንጫወትበት ነበር። እታለም ያን ሰዓት ጠብቃ፣ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ከሜዳው ዳር ቆማ እየጮኸች ታጫውተናለች። ይህ ነገር የስፖርት አስተማሪውን መምህር ውበቱን እንደ እሾህ ወጋው። ቢወጋው አይፈረድበትም፣ ሰውየው ዓርብ ዓርብ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ከማንበብ በቀር ምንም አያደርግም ነበርና። ለርእሰ መምህሩ ከሶ ደብዳቤ አጻፈባት፣ «ከሥራ መደቧ ውጭ በጨዋታ ሜዳ ለተማሪዎች ምንም ዓይነት ቃል እንዳትናገር» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ከጣሰች ከሥራዋ እንደምትሰናበትም ከታች ተጽፏል።

እኔ አለቀስሁ። እሷ ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ አጥፋ ከመስታወቱ ጀርባ ሻጠችውና «ቃል ነው ያለው» አለች። «ነጠላ አላለም።»

ጥቅምትንና ኅዳርን፣ ሰው ሁሉ በገብስ አጨዳ ሲጠመድ፣ እኛ የነጠላዋን ትእዛዝ ስናጠና ከረምን። ከተከናነበች ሰርቪሱ ወደ ኋላ መስመር ነው፤ ወደ አንዱ ትከሻዋ ብቻ ከጣለችው ኳሱ በዚያው በኩል ይሄዳል፤ ወገቧ ላይ ካሸረጠችው ያለ ርኅራኄ ምቱ ማለት ነው። ዓርብ ዓርብ ከተመልካቹ መካከል ቁጭ ብላ፣ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ቆሎ እየቆረጠመች፣ አንዴ ስትከናነብ አንዴ ስታሸርጥ፣ አጠገቧ ያሉት ሴቶች «ዘነቡን ምን ነካት፣ አንዴ ይበርዳታል አንዴ ይሞቃታል» ይሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ምልክት አልተገኘለትም፤ ለመምታት ዘለው ሳይመቱ ቀርተው፣ ኳሱን በጣት ነካ አድርገው ከመረቡ ሥር መጣል። ኳስ የምታነሳልኝ ጓደኛየ ብርቄ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናትና፣ «እትየ ዘነቡ፣ ለእሱስ ለምን አይዘቀዝቁትም?» አለቻት። በአገራችን ሴት የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዙራ ከዘቀዘቀች ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። እታለም ፊቷ ጠቆረ። «ዝም በይ፣ ሟርተኛ። ሰው ሳይሞት ነጠላ አይዘቀዘቅም» አለቻትና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ ላይ መምህር ውበቱ ሰብስቦን፣ ከጥምቀት በኋላ ከዳባት ሴቶች ጋር እንደምንጫወት ነገረን። «ከተሸነፋችሁ ዓርብም ለወንዶቹ ነው፤ ከእንግዲህ መረብ የሚባል ነገር እንዳትጠይቁኝ» አለ። እንደማንችል እርግጠኛ ነበር። ያን ሳምንት ውርጩ ጣት ሲያደነዝዝ እንኳ ከልምምድ የቀረ አልነበረም።

ጥር ገባ፣ ጥምቀትም አለፈ፣ ዳባቶች በአውቶቡስ እየዘፈኑ መጡ። የመጀመሪያውን ዙር እነሱ ወሰዱ፣ ሁለተኛውን እኛ። በሦስተኛው ግን አለቃቸው፣ ረዥምና ዓይነ ፈጣን ልጅ፣ ነቃችብን። እታለም ስትከናነብ ጓደኞቿን ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ስታሸርጥ ሦስት ሆነው ከመረቡ ሥር ይዘላሉ። አልዋሽም፣ ጎበዝ ነበረች። በሰፊው ስንመራ የነበርነው ልጆች አንድ ነጥብ ለማሸነፍ ሲቀረን፣ እነሱ በአንድ ብቻ ተበልጠው እግር በእግር ደረሱብን። መምህር ውበቱ እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሎ ነበር። ያችን ፈገግታ እስካሁን አልማርሁለትም።

ሰርቪሱ የዳባት ነበር። ወደ እታለም ዞር ብየ ባይ፣ ነጠላዋን ቀስ ብላ ከትከሻዋ አውርዳ፣ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ዘቀዘቀችው።

አባቴ በቅሎ ነጂ ነው፤ ያን ሰሞን የቱሪስት ጭነት ጭኖ በሳንቃ በር አልፎ ወደ አምባራስ ወጥቶ ነበር፤ መንገዱም ገደል ለገደል ነው። አባቴ ሞተ አልሁ በልቤ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች «ወየው፣ ማን ነው? ማን ሞተ?» እያሉ መነሳት ጀመሩ፣ አንዷም የራሷን ነጠላ ዘቅዝቃ ደረቷን መታች። ወደ እናቴ ማየት የለመዱት የዳባት ልጆችም አይተዋት ደነገጡ። ዳኛው ይህን ሁሉ ሳያይ ፊሽካውን ነፋ፣ ኳሷም ከደነገጠ እጅ ወጥታ ለስለስ ብላ መጣች። ብርቄ ልታነሳልኝ ከሥሯ ስትገባ አንዴ ወደ እታለም ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ጉንጯ ይንቀሳቀሳል። ቆሎ እየቆረጠመች ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ቆሎ አትቆረጥምም።

ዘለልሁ፣ በሁለት ጣቴ ነካ አድርጌም ከመረቡ ሥር ጣልኋት። የዳባት ልጆች፣ ጨዋ ያሳደጋቸው ናቸውና፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በሐዘኔታ ቆመው ነበር። ኳሷ ከአለቃቸው እግር ፊት ድም አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለቅሶም ሠርግም የማይመስል ነገር ነው። የሚያለቅሱት ሴቶች ሟች ሲያጡ ተናደዱ፣ ዳባቶች «በሞት ተታለልን» ብለው ጮኹ፣ መምህር ውበቱ እየሮጠ መጥቶ «ነጥቡ ይሰረዝ! ደብዳቤ ተጽፎባታል!» አለ። እታለም ነጠላዋን መልሳ አቀናችና ተነስታ እጅ ነሳችው። «መምህር፣ የከለከሉኝ ቃል ነው፤ ቃል ካወጣሁ ይህ ሁሉ ሰው ይመስክርብኝ» አለችው። ምስክር አልተገኘም። ዳኛውም ደንቡን አገላብጦ ስለ ነጠላ የሚል ስላላገኘ ነጥቡን አጸደቀ። መረቡ የዓርብ መረባችን ሆኖ ቀረ።

የንስሐ አባታችን ግን አልለቀቋትም። በቁም ሰው ላይ ማሟረት ኃጢአት ነው ብለው በየቀኑ አርባ ስግደት አዘዙባት። ጾሙ እስኪገባ ድረስ ሰግዳ ጨረሰች። ሲመጡም ጉልበት ስማ «አባ፣ ስግደቱን ሰግጃለሁ፤ ነጥቡን ግን አልመልስም» አለቻቸው። በደኅና የተመለሰው አባቴ፣ የሞተው እሱ መሆኑን ሰምቶ ነበርና፣ ሳቁን ለመደበቅ ወደ በቅሎው ወጣ።

ዛሬ እኔ ራሴ እዚያው ደባርቅ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ነኝ። ቱታ ለብሼ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥየ፣ ከመስመሩ ዳር ቆሜ የፈለግሁትን ያህል እጮኻለሁ፤ የሚጽፍብኝም የለም። መረቦቹ ሦስት ናቸው፣ ኳሶቹም ሲመቱ ይጮኻሉ። ልጆቼ በስልክ ካዩት ተምረው ከጀርባቸው በጣት ይጠቋቆማሉ። ድሮ ይሻል ነበር የሚል ሰው ያን ደብዳቤ ያንብብ፤ እስካሁን ከመስታወቱ ጀርባ አለ። ብቻ ጨዋታው ሲጠብብኝ እጄ ሳላውቀው ወደ ትከሻየ ይሄድና ጨርቅ ያጣል።

እታለም አርጅታለች፤ ጥርሷ ቆሎ አይችልም። ባለፈው ጥር ልጆቼ ሲጫወቱ ጋቢዋን ለብሳ አጠገቤ ተቀምጣ እያየች፣ ድንገት «እኔ ስሞት ነጠላሽን እንዳትዘቀዝቂ» አለችኝ።

«ለምን?» አልኋት።

«የዳባት ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ደግሞ ኳስ ልትጥልብን ነው ብለው ከደጅ ይመለሳሉ።»

አብረን ሳቅን። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ሜዳው መለስሁ። በልጅነቴ የነጠላዋን ትእዛዝ አንድም ቀን ጥሼ አላውቅም። ይህን አንዱን ግን አልታዘዛትም፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ፣ ዳባትም ደባርቅም እያየኝ፣ እዘቀዝቅላታለሁ።